ወስፌና ቀመር

"ነፍስ የለውም" የምትባለው ቃል በመካከላችን ብዙ ሥራ ትሠራለች። ኮምፒዩተር የነደፈው የጌጥ ጥለት በታየ ቁጥር ወዲያው ትመዘዛለች። ለምን ነፍስ የለውም? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ ማሽኑ የተሰጠውን ደንብ ከመከተል በቀር የራሱ የሆነ ነገር የለውም፤ ደንብ መከተል ደግሞ ኪነት አይደለም። ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ በተከራየናቸው ክፍሎች፣ ጀበና ተጥዶ (የጅማ ተማሪ ያለ ቡና ተከራክሮ ያውቃል እንዴ?) ይህን መልስ ስንሰማውም ስንናገረውም ሰንብተናል። አሁን ግን ጠጋ ብለን ልንመረምረው እንወዳለን። ደንብ መከተል ነፍስን የሚያሳጣ ከሆነ፣ ከኮምፒዩተሩ በፊት ፍርድ የሚጠብቃቸው ብዙ እናቶች አሉና።

ሰፌድን እንውሰድ። ሰፌድ የሚጀመረው ከእምብርቱ ነው። የሰንደዶ ጥቅል ይጠመዘዝና በወስፌ እየተበሳ፣ በአክርማ እየተጠመጠመ ዙሪያውን ይሄዳል። ቀለም ሲፈለግ አክርማው ተነክሮ አለላ ይሆናል። ዙር በዙር ላይ ይደረባል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል፤ አየነው እንጂ አልቆጠርነውም። ሲቆጠር ነው ነገሩ የሚገርመው። የአንዷ ስፌት ወርድና የጥቅሉ ውፍረት እኩል ናቸው ብንል፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር በ6 ስፌት ያህል መብለጥ አለበት። ምክንያቱ ለፈተና የሸመደድነው ነው፦ የክብ ዙሪያ የሬዲየሱ 6.28 ያህል እጥፍ ነው፤ ሬዲየሱ በአንድ ጥቅል ባደገ ቁጥር ዙሪያው 6 ከምናምን ስፌት ይጠይቃል። ከዚያ ያነሰ የተሰጠው እንደሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ ይጎደጉዳል፣ ሰፌድነቱ ቀርቶ ሙዳይ ወደ መሆን ይሄዳል። ከዚያ የበለጠ የተሰጠው እንደሆነ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። የመሶብ ክዳን ሾጥጦ የሚቆመው እንግዲህ ስፌት ስለተነፈገ ነው። ቅርጹም ጌጡም የሚወጡት ከአንድ ምንጭ፣ ከመቁጠር ነው።

ጌጡስ እንዴት ይወጣል? ባለ ቀለሙ ክፍል በየዙሩ በአንድ ስፌት እየሰፋ ቢሄድ ከእምብርት ወደ ጠርዝ የሚከፈት ጨረር ይሆናል። በየዙሩ እኩል ቁጥር ይዞ ቢቀጥል ቀጥ ያለ መስመር ነው። በየዙሩ አንድ ስፌት ወደ ጎን ቢገፋ ጥምዝ ይሆናል፣ ሲያዩት የሚሽከረከር ይመስላል። እስከ ተወሰነ ዙር ሰፍቶ እንደገና ቢጠብ የዓይን ቅርጽ ይወጣል። ይህን ሁሉ የምታውቅ እናት "አልጎሪዝም" የሚባል ቃል ሰምታ ላታውቅ ትችላለች። ቃሉ በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር ከነበረው ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንደ ስሙ አያስፈራም፦ ከየት ተጀምሮ፣ በምን ቅደም ተከተል ተሂዶ፣ የት እንደሚቆም የሚናገር የትእዛዝ ዝርዝር ነው። በዚህ ሚዛን የዶሮ ወጥ አሠራርም አልጎሪዝም ነው።

ሸማኔው ዘንድ ብንሄድም ያው ነው። የነጠላ ጥለት የሚወጣው ድሩ ተቆጥሮ ነው፤ ማጉ በስንተኛው ድር ላይ ያልፋል፣ በስንተኛው ሥር ይገባል፣ ከዚያ ይደገማል፣ ከዚያ እንደ መስታወት ይገለበጣል። የሒሳብ ሰዎች በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚደጋገም ጥለት በአደጋገሙ ጠባይ ከ7 ዓይነት እንደማያልፍ አረጋግጠዋል። ጠፍጣፋ ወለል የሚሞላው ደግሞ ከ17 እንደማያልፍ የሩሲያው ፌዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 አሳይቷል። ይህ ማለት የጥበብ ቀሚስ ጠርዝ የሠራ ሰው ሁሉ፣ ዶርዜም ይሁን ሌላ፣ ሳያውቀው ከእነዚያ 7 ቤቶች በአንዱ ያደረ ነው። የጉንዳ ጉንዴ ብራናዎች የታወቁበት ሐረግም ቢሆን ጥቂት መስመሮች አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች እያለፉ፣ እየታጠፉና እየተመለሱ የሚሠሩት ነው። (የጅማ በርጩማ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ፣ ጠራቢው የሚከራከረው ከቁጥር ጋር ሳይሆን ከእንጨቱ ጋር ነው። የእጅ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለን እንዳንጠቀልለው ይህን እንያዝ።)

ከመካከላችን ኮምፒዩተር የሚያጠናው ጓደኛችን ያደረገው ይህንኑ ነው። የሰፌዱን ደንብ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ጻፈው፦ በየዙሩ ስንት ስፌት ይጨመር፣ ጨረሩ ስንት ይሁን፣ በስንት ይገፋ፣ የትኛው ቀለም የቱን ይከተል። ከዚያ አንዱን ቁጥር በሌላ ለወጠ። ማያው ላይ ሌላ ሰፌድ መጣ። ደግሞ ለወጠ፤ ሌላ መጣ። በመጨረሻም ቁጥሮቹን ማሽኑ ራሱ በዕጣ እንዲያወጣ ነገረውና ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ በመቶ የሚቆጠሩ ሰፌዶች ተደርድረው ጠበቁት። ጥቂቶቹ፣ እውነቱን መናገር ይገባናል፣ እጅግ የሚያምሩ ነበሩ።

ነገሩ አዲስ መስሎን እንዳንደነቅ ወደ ኋላ እንመልከት። ኮምፒዩተር ገና ሳይፈጠር የፈረንሳዩ ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 ገደማ በተበሱ ካርዶች የሚታዘዝ የሽመና ማሽን አቁሞ ነበር። በካርዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሣል፤ ከሌለ አይነሣም። እንግሊዛዊቷ ኤዳ ላቭሌስ እ.ኤ.አ. በ1843 ስለ ባቤጅ የሒሳብ ሞተር ስትጽፍ ለማመሳከሪያ የመረጠችው ይህንኑ የዣካርን የሽመና ማሽን ነው። ኮምፒዩተርና ሸማኔ እንግዲህ ባዕዳን አይደሉም፤ የሥጋ ዘመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጌኦርግ ኔስ በጀርመን በሽቱትጋርት፣ ማይክል ኖል ደግሞ በኒው ዮርክ በኮምፒዩተር የተሠሩ ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳዩ።

ከሁሉም እኛን የማረከችን ግን በሀንጋሪ ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው ቬራ ሞልናር ናት። ኮምፒዩተር እጇ የገባው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ግን ዓመታት ሙሉ "ምናባዊ ማሽን" ብላ በጠራችው ዘዴ ትሠራ ነበር፦ ለራሷ ደንብ ታወጣለች፣ ከዚያም ማሽን የሆነች ያህል ደንቡን በእጇ ደረጃ በደረጃ ትፈጽማለች። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ከዚህ መንገድ አልወጣችም። አውሮፓ ለዚህ "አቫንጋርድ" የሚል ማዕረግ ሰጠቻት። ይገባታል። ግን እኮ፣ ወገኖቻችን፣ ደንብን በእጅ ደረጃ በደረጃ መፈጸም የሊሙና የአጋሮ እናቶች የዕለት ሥራ ነው፤ ለዚያ ማዕረግ የሰጣቸው አልነበረም።

እንግዲህ "ደንብ ስለሚከተል ነፍስ የለውም" የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ደንቡ የጥለቱ ጠላት አይደለም፤ አጥንቱ ነው። "ማሽኑ ዕጣ ስለሚጥል በራሱ ይፈጥራል" የሚለው ተቃራኒ ወገንም ቢሆን ብዙ አይራመድም። ዕጣ ሰፊዋም ዘንድ አለ። ቀዩ አለላ መሐል ላይ ሲያልቅባት በአረንጓዴው ትቀጥላለች፤ ያልታሰበ ጥለት ይወለዳል። ልዩነቱ እሷ ዕጣው የወጣላትን አይታ ወይ ትቀበለዋለች ወይ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። ማሽኑ ግን የሚያምረውንም የሚያስጠላውንም በእኩል ትሕትና ያቀርባል። ጓደኛችን ከመቶዎቹ መካከል ጥቂቶቹን ሲመርጥ ነው ሥራው ሥራ የሆነው።

ታዲያ ልዩነት የለም ማለት ነው? አለ። ግን ሰዎች በሚያመለክቱበት በኩል አይደለም።

የሞዛምቢኩ የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ጌርደስ (እ.ኤ.አ. በ2014 ዐረፈ) ዕድሜውን በሙሉ በአፍሪካ ቅርጫቶች፣ ምንጣፎችና በአሸዋ ላይ በሚሣሉ ጌጦች ውስጥ የተደበቀውን ሒሳብ ሲፈልግ ኖሯል። ነጭ ያልሆነ ሰው ሒሳብ የለውም የሚለውን የቅኝ ግዛት ትዕቢት በቅርጫት ከመቱት ሰዎች አንዱ ነው፤ ባለ ዕዳዎቹ ነን። ሆኖም ከሐሳቦቹ አንዱን ለመቀበል ይቸግረናል። ይኸውም ዘዴውን መጀመሪያ ያገኘው ባለ እጅ በሒሳብ አስቧል፤ ከእሱ ወርሶ የሚሠራው ግን ባጠቃላይ እያሰላ አይደለም የሚለው ነው። ይህ እውነት ከሆነ ከእናቷ የተማረችው ሰፊ ከኮምፒዩተሩ አትሻልም ማለት ነው። ሁለቱም ሌላ ሰው ያሰበውን ይፈጽማሉና።

እኛ የምንለው፦ ስለ 6ቱ ስፌት ብዙ ተናግረናል፤ አሁን 0.28ቱን እንያዝ። ሰፊዋ በየዙሩ 6 ብቻ ብትጨምር በ50ኛው ዙር ላይ 300 ስፌት ይኖራታል። ክቡ የሚጠይቃት ግን 314 ያህል ነው። እነዚያ 14 ስፌቶች የት ይገባሉ? በደንቡ ውስጥ የሉም። ከእናቷም እንደ ቁጥር አልተቀበለቻቸውም። ደግሞ ሰንደዶው አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፣ አክርማው ዛሬ እርጥብ ነገ ደረቅ ነው፣ እጇም ጠዋትና ማታ እኩል አይጠብቅም። ስለዚህ ቁጥሩ 14 ላይ እንኳ አይረጋም። እሷ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ሰፌዱ መሸብሸብ ወይም መጎድጎድ ሲጀምር ከዓይን በፊት በጣት እየሰማች፣ አንዲት ስፌት ባዶው ሜዳ ላይ ሾልካ እንድትገባ ታደርጋለች። ጨረሩ እንዳይጣመም ከጨረሩ አርቃ ነው የምታስገባት። ይህች ስፌት በደንቡ አልታዘዘችም፤ ያለ እሷ ግን ደንቡ ሰፌድ አይሆንም። ከጌርደስ የምንለየው እዚህ ላይ ነው፦ ወርሳ የምትሠራዋም በየዙሩ ደንቡ ያላወቀውን ቀሪ እያሰላች ነው።

ኮምፒዩተሩስ ቀሪውን ምን ያደርገዋል? አንዲት ትእዛዝ አለች፤ ክፍልፋዩን ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋ የምትል። ጓደኛችን ጽፏታል፣ አንድ መስመር ናት። ማሽኑ ያጠጋጋል፤ የተጠጋጋው የት ላይ እንደወደቀ፣ ጨረር ይጣመም አይጣመም፣ አይገደውም። ማያው ላይ ደግሞ ምንም አይሸበሸብም። በብርሃን የተሠራ ሰፌድ መቼ ይጎደጉዳል? ቀሪው የማይጠየቅበት ዓለም ውስጥ ነው የሚሠራው።

ይህን ስንል ግን በእጅ ሥራ ወዳጆች ዘንድ የተለመደችውን አንዲት ሙገሳ መደገፋችን አይደለም። "የእጅ ሥራ የሚያምረው ስሕተት ስላለበት ነው፤ የተዛነፈችው ስፌት ናት ነፍሱ" የሚሉ አሉ፤ በተለይ ሰፌድ ለግድግዳ የሚገዙ። ይህ ሙገሳ መስሎ ስድብ ነው እንላለን። ጥሩ ሰፊ የተዛነፈች ስፌት ታፍርባታለች፣ ትፈታታለች፣ ካልሆነላትም ከታች በኩል እንድትውል ታደርጋለች። የሰው ልጅ ከማሽን የሚለየው በመሳሳቱ ነው ብሎ ማጽናናት ሰውን ማሳነስ ነው። የደከመችው ስሕተት ለመሥራት አይደለም።

አሁን ወደ ዘመኑ ጉዳይ እንግባ። እስካሁን የተነጋገርነው ደንቡን ስለሚጽፍ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግን በሕዝብ እጅ የገባ ሌላ ዓይነት አለ፦ ሚድጆርኒ፣ ስቴብል ዲፊዩዥን፣ ዳል ኢ የሚባሉት። እነዚህ ደንብ አይሰጣቸውም። ከኢንተርኔት የተለቀሙ እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ካዩ በኋላ "መሶብ ሣል" ሲባሉ መሶብ የሚመስል ነገር ያወጣሉ። እኛም አስወጣናቸው። ከሩቅ ሲታይ ዓይን ያፈዛል። ቀረብ ብሎ አንዱን ዙር በጣት ለተከተለ ግን ዙሩ መሐል ላይ ይጠፋል፤ ሁለት የነበረው ጥቅል ሦስት ይሆናል፤ ጨረሩ በወዲያ በኩል ሌላ ነው፣ በወዲህ በኩል ሌላ። አይቆጠርም። የማይቆጠር ነገር ደግሞ አይሰፋም። የመሶብን መልክ ወስዶ የመሶብን ዕውቀት የተወ ነገር ነው።

ሁለቱን "ኮምፒዩተር የሠራው" ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት ትልቅ በደል ይመስለናል፤ የሕሊናው ጥያቄ የሚለያየው እዚህ ላይ ነውና። ደንቡን የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። ሰፊዋ ዘንድ ሄዶ፣ ስንት ጨመርሽ? ለምን እዚህ ላይ ቀነስሽ? ብሎ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ዕዳውን ያውቃል፤ ባለ ዕዳ መሆኑንም መካድ አይችልም፣ ካልዋሸ በቀር። ሁለተኛው ማሽን ግን ማንንም አይጠይቅም። ከየትኛው ፎቶግራፍ፣ ከየትኛዋ እናት እጅ እንደወሰደ እሱም አያውቅም፣ የሠሩትም ለይተው ሊነግሩን አይችሉም። ዕዳው በብዙ ሚሊዮን ተከፋፍሎ ከማንም ደጃፍ አይቆምም።

ጉዳዩ የወሬ ብቻ አይደለም። ለዚህች መጽሔት ሽፋን ከጓደኛችን ሰፌዶች አንዱ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሁሉም ወደደው። ከዚያ አንዷ አዘጋጅ "የሽፋን ሥዕል፦" ብላ ስቴንስሉ ላይ ጽፋ፣ ብዕሯን አንሥታ፣ "የማን ልበል?" አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አልመለስንላትም። የጓደኛችን እንበል? እሱ የጻፈው ደንቡን ነው፤ ደንቡን አላገኘውም። የኮምፒዩተሩ? ሳቅን። ማይክል ኖል በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ የኮምፒዩተር ሥዕሉን በስሙ ለማስመዝገብ ሲሞክር የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማሽን የሠራውን አንመዘግብም ብሎት ነበር። ትእዛዙን የጻፈው ሰው ነው ብሎ ሲያስረዳ ደግሞ ዕጣ ያለበት ነገር አይሆንም አሉት፤ ዕጣ የሚመስለውም በቀመር የሚወጣ መሆኑን ካስረዳ በኋላ ነው የተቀበሉት። የእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። ሕጉ አንድ ሰው ይፈልጋል። ጥለቱ ግን የአንድ ሰው አይደለም፤ እናት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያለ የመጣ ነው። የማንም ካልሆነ ደግሞ የፈለገ ይውሰደው ማለት ነው? ከመካከላችን ሕግ የሚያጠናው "የማንም ያልሆነ" እና "የብዙዎች የሆነ" አንድ አይደሉም ብሎ ያነሣው ነጥብ ከተነገረው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። የሰፈር ምንጭ የማንም አይደለም ተብሎ አጥር አይታጠርበትም።

በመጨረሻ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ "ደንቡ ከጅማ ሰፊዎች፤ ትእዛዙ ከአንድ ተማሪ፤ ምርጫው የአዘጋጆች።" ረዘመ። ስቴንስሉም ጠበበ። ቢሆንም ከሚያጭር ውሸት ይሻላል ብለናል።

እስከዚህ ድረስ ስለ ስም ነው የተከራከርነው። ስም ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ዲግሪያችንም ስም ነው። የሐሙስ ገበያ ዕለት ወደ ሂርማታ ወርደን፣ ከሰፌዶቹ የተመረጡትን 40 ያህል ጥለቶች በወረቀት ይዘን፣ ሰፌድ ከሚሸጡ እናቶች አንዷ ዘንድ ተቀመጥን። ሀርሜ፣ እስቲ ይህን እይልን አልናት። ወረቀቱን አገላበጠችው። አልተደነቀችም፣ አልተቆጣችም። ከ40ው 30 ያህሉን ገና በዓይኗ ጣለቻቸው። አይሰፉም ማለቷ ነው ወይ? አልናት። ይሰፋሉ፣ ግን ማን ይገዛቸዋል? አለች። ለካ ጓደኛችን የወደዳቸው ቀለማቸው በየስፌቱ የሚቀያየሩትን ነው፦ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ነጭ፣ እንደገና ቀይ። ለማሽኑ ቀለም መቀየርና አለመቀየር እኩል ናቸው፤ አንዱም አያደክመውም። ለእሷ ግን ቀለም በተቀየረ ቁጥር አንዱ አለላ ይተዋል፣ ሌላው ይያዛል፣ ጫፉ ይደበቃል። እንዲህ ያለ አንድ ዙር የአንድ ተራ ሰፌድ ግማሽ ቀን ይበላል። በወረቀቱ ላይ ውበት ብቻ ነበር ያየነው፤ እሷ ያነበበችው ቀን ነው።

ስለ ስም ስንጠይቃት ደግሞ ሳቀች። ስሜን ወረቀት ላይ ብትጽፉት ምን ይሆንልኛል ነው ነገሩ። የጠየቀችን ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ይህ ማሽናችሁ ገዢ ያመጣል ወይስ ገዢ ይወስዳል?

ይህ ነው እንግዲህ የፍልስፍናውን ጥያቄ መሬት ላይ ያወረደው። በከተማችን ልብስ ቤቶች "የኮምፒዩተር ጥልፍ" የሚል ማስታወቂያ አዲስ ነገር አይደለም። ከውጭ አገር በፋብሪካ ታትሞ የሚገባው የጥበብ አምሳያ ጨርቅ የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች ምን ያህል እንዳሳሰባቸው የማያውቅ የለም። የቡና ሲኒያችን ላይ ያለው ጌጥ እንኳ በአብዛኛው ባሕር ማዶ የታተመ ነው። ጥለት ከእጅ ተለይቶ መሄድ ከቻለ ርካሽ ይሆናል፤ ርካሽ ሲሆን ከድሀው ኪስ ጋር ይስማማል፣ ይህን አንክድም። የሀገር ልብስ ለብሳ መመረቅ የምትፈልግ፣ ግን የእጅ ሽመና ዋጋ የማይቀመስባት እኅት ስንት አለች! እሷን የታተመ ጨርቅ ለበስሽ ብሎ መውቀስ ሙሉ ሆድ ያለው ሰው ሥነ ምግባር ነው። ጨርቁ ያጠፋው ጥፋት የለም። ጥፋቱ ያለው ሻጩ የታተመውን "የሽመና ነው" ሲል ነው፤ ያን ጊዜ የተሰረቀው ጥለቱ ሳይሆን ቀኑ ነው፣ ማንም ያልሠራው የሥራ ቀን ተሸጠ ማለት ነውና።

ማሽኑ ገዢ ሊያመጣ ይችላል ወይ? ስናስበው አዎን የሚያሰኝ ነገር አለ። ሀርሜ ካልጣለቻቸው 10 ጥለቶች በአንዱ ላይ ጣቷን አቁማ ቆይታለች፤ ጥምዙ መሐል ላይ አቅጣጫ የሚለውጥ ነው። በቁጥር ጻፉልኝ አላለችም፣ ቁጥር አያስፈልጋትም፤ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ሠርታው እንደሆነ ጥለቱ የማን ሊሆን ነው? ጓደኛችን "የእሷ!" ብሎ ወዲያው መለሰ፤ ልግስናው ደስ ይላል። ልብ ብንል ግን እኛ ከእሷ ስንወስድ አንድ ሰዓት ከተከራከርን፣ እሷ ከእኛ ስትወስድ ለምን አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም? ያላት ሰው ስለሆነች አይደለም። እሷ የወሰደችውን በቀኗ ትከፍልበታለች፤ እያንዳንዷን ስፌት፣ 0.28ቱንም ጨምሮ። እኛ የወሰድነውን አዝራር ተጭነን አበዛነው።

አሁን በእጃችን ያለው ጉዳይ የሸሚዝ ነው። ክበባችን ገንዘብ ስለሌለው ጥለቱ በሸሚዝ ላይ ታትሞ ለተመራቂዎች ይሸጥ የሚል ሐሳብ አለ። ግማሾቻችን ከትርፉ ድርሻ ለሰፊዎች ይሰጥ እንላለን። ለየትኛዋ? ብለው ሌሎቹ ይጠይቃሉ፤ ለሂርማታዋ ነው? ለሰቃዋ? ለአጋሮዋ? ለአንዷ ከተሰጠ ሌሎቹ ተበደሉ፤ ለሁሉም ከተባለ ለእያንዳንዷ የሚደርሳት የሻይ ዋጋ አይሆንም። አንዱ ድርሻውን በገንዘብ ሳይሆን በሰፌድ እንስጥ ብሏል፤ ማለትም ከትርፉ ከራሳቸው ሰፌድ እንግዛና የክበቡን ግድግዳ እንሸፍንበት። ሌላው ይህ ምጽዋት ነው ብሎ ተቆጣ። ገበያ ሄዶ በተጠየቀው ዋጋ መግዛት ከመቼ ወዲህ ነው ምጽዋት የሆነው? ተባለ። ክርክሩ ቀጥሏል።

እስካሁን ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ነገር ነው፤ ሸሚዙ ላይ "የእጅ ሥራ" የሚል ቃል አይጻፍም። ሌላው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል፤ ሐሳብ ያለው በመጽሔቷ ሣጥን ያስገባ። ስሙን መጻፍ የማይፈልግም ቢሆን እንቀበለዋለን።